በሳሙና የበሩ ሰዎች

ይታገሱ ወንበሩን ይወደው ነበር። ወንበሩ ራሱ የሚወደድ ሆኖ አይደለም፤ ወደ ኋላ ደገፍ ሲሉት የሚያቃስት አሮጌ የቢሮ ወንበር ነው። ነገር ግን ወንበሩ ያለው ፍኖተ ሰላም ከተማ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ በሚገኝ ግቢ ውስጥ፣ በሩ ላይ «የፈጠራ ማስፋፊያ ዴስክ ኃላፊ» የሚል ጽሑፍ በተለጠፈበት ክፍል ነው። ከመስኮቱ ሆኖ የጋሪ ፈረሶችና ባጃጆች ሲጋፉ ያያል። የሚያልፈው ሰው ቀና ብሎ ሰላም ይለዋል። ይታገሱ ከዚህ በፊት ሰከላ ውስጥ የስፖርት አስተማሪ ነበር። እዚያ ሰላም የሚሉት ተማሪዎች ብቻ ነበሩ፤ እነሱም ፊሽካው አፉ ውስጥ ካለ ነው።

ዘመኑ የአምስት ዓመቱ የዕድገትና የትራንስፎርሜሽን ዕቅድ በየግድግዳው የተለጠፈበት ዘመን ነበር። አንድ ሰኞ ጠዋት የበላይ ኃላፊው አቶ ወልደ ዮሐንስ በስብሰባ መካከል መነጽራቸውን አወለቁና «ውጤት የሌለው ዴስክ ይታጠፋል፤ ኃላፊውም ወደ መጣበት ይመለሳል» አሉ። ይህን ሲናገሩ ማንንም አላዩም። አቶ ወልደ ዮሐንስ ማንንም ሳያዩ የሚናገሩት ስለ አንድ የታወቀ ሰው ሲሆን ነው።

ይታገሱ ገባው። ዴስኩ ከተቋቋመ ጀምሮ ለጎብኚ ያሳየው አንድ የእጅ ጋሪ ነው። መጀመሪያ አረንጓዴ ቀብቶ «የተሻሻለ የእጅ ጋሪ» አለው። በሚቀጥለው ዓመት ሰማያዊ ቀብቶ «ይበልጥ የተሻሻለ» አለው። በሦስተኛው ዓመት ጎማው ስለ ጠፋ ቢጫ ቀብቶ «ባለበት የሚቆም የእህል ማስቀመጫ» ብሎ አቀረበው፤ ተጨበጨበለትም። ዘንድሮ ግን ከፋሲካ በኋላ ከክልል እንግዶች ይመጣሉ። ከእንግዶቹም መካከል የጋሪውን ሦስቱንም ቀለሞች ያየ አንድ ሰው አለ።

በዚህ ጭንቀት ላይ ሳለ ነው ጠሃ ቢሮው የገባው። ጠሃ የቡሬ በርበሬ ነጋዴ ነው። ለሌላ ጉዳይ መጥቶ ኖሮ፣ ወሬው ሲያልቅበት፣

«አቶ ይታገሱ፣ እናንተ ቴክኖሎጂ ጠፋ እያላችሁ ታለቅሳላችሁ፤ ቡሬ ኮሌጅ ውስጥ አንዲት ልጅ ከልብስ ሳሙና ብርሃን ታወጣለች» አለው።

«ከሳሙና?»

«ከሳሙና። የብር መመርመሪያ መብራቴን ለአንድ ቀን ብላ ተውሳኝ ይኸው እስከ ዛሬ አልመለሰችም። እኔ እውነተኛውን ከውሸተኛው በዓይኔ እየለየሁ ዓይኔ ሊጠፋ ነው።»

ይታገሱ ምሳውን ሳይበላ በሚኒባስ ወደ ቡሬ ሄደ።

ልጅቷ ህይወት ትባላለች፤ የፊዚክስ መምህርት ናት። አዲስ አበባ ለሁለተኛ ዲግሪዋ ያጠናችው ብርሃን ስለሚሰጡ ቀለሞች ነበር። የምትሠራው ከእንጨት ሥራ ክፍሉ ጀርባ፣ መስኮት በሌለው ዕቃ ቤት ውስጥ ነው። ይታገሱ ራሱን እስኪያስተዋውቅና ከክልል ለሚመጡት እንግዶች ሥራዋን እንድታሳይ እስኪጠይቃት ጠበቀችና፣

«እንኳን ደህና መጡ። በሩን ይዝጉት፣ ብርሃን እየገባ ነው» አለችው።

በጨለማው ውስጥ የክብሪት ሣጥን የምታህል የብርጭቆ ዕቃ አሳየችው። ውስጧ ያለው ፈሳሽ ውኃ ይመስላል። አንዲት ቁንጥር የልብስ ሳሙና ዱቄት በዳግም አረቄ አርሳ፣ ዝቃጩ እስኪወርድ አስተኝታ፣ በወረቀት ያጠለለችው ነው። የጠሃን መብራት ስታበራበት ፈሳሹ በአንድ ጊዜ ሰማያዊ ሆኖ ፈካ።

«ሌዘር!» አለ ይታገሱ። ቃሉን በሬዲዮ ሰምቶት ያውቃል።

«አይደለም። ይህ ገና ፍካት ነው» አለች። «ሳሙና የሚሠሩት ሰዎች የሚጨምሩት አንድ ነገር አለ። ልብሱን አያጸዳውም፤ ዓይን የማያየውን ብርሃን ይቀበልና ሰማያዊ አድርጎ ይመልሳል፣ ልብሱም የነጣ ይመስላል። አሁን የበራው እሱ ነው።»

ይታገሱ የመጨረሻውን አልሰማም። ሪፖርቱን በልቡ መጻፍ ጀምሯል።

«ታዲያ ሌዘሩ የቱ ነው?»

«አቶ ይታገሱ፣ ገበያ መካከል ቆመው ያውቃሉ? ሁሉም ይጮኻል፣ ግን ሁሉም በየራሱ ነው፤ ድምፅ እንጂ ዜማ የለም። ፍካት ማለት እሱ ነው። ማኅሌት ላይ ግን አንዱ ያነሣል፣ ሌላው ይቀበላል፣ መቋሚያው ሁሉ በአንድ ምት ተነሥቶ በአንድ ምት ይወርዳል። እዚህም አንዷ ቅንጣት የሰጠችው ብርሃን በሌላዋ በኩል ሲያልፍ እሷንም ቀስቅሶ በአንድ ምት፣ በአንድ አቅጣጫ ያስወጣታል። የብርጭቆዋ ግድግዳዎች ደግሞ እንደ መስታወት ሆነው ያመላልሱታል። ከሚጠፋው የሚጨመረው ሲበልጥ፣ ሌዘር ሆኖ ይወጣል።»

«ቅስቀሳና አደረጃጀት ነዋ!» አለ ይታገሱ ደስ ብሎት። «ይኸ የእኛው አንድ ለአምስት ነው!»

ህይወት ትንሽ አሰበችና «አይመስለኝም» አለች። «እነዚህ ሲቀሰቀሱ የምር ይሰጣሉ።»

ከዚያ ከተጣለ ቴሌቪዥን ሆድ ዕቃ አውጥታ የሠራችውን ሣጥን አስጠጋች። ሣጥኑ አየሩን በኤሌክትሪክ ብልጭታ እየመታ ለዓይን የማይታይ ብርሃን ይተፋል። ማብሪያውን ስትጫነው ጠ! አለ፣ እንደ ጅራፍ። በዚያው ቅጽበት ግድግዳው ላይ ምስር የምታህል፣ ዳርዋ የማይንቀጠቀጥ፣ ወደ ሐምራዊ ያደላች ሰማያዊ ነጥብ ታየች። ደግማ ተጫነችው፤ ነጥቧ እዚያው ቦታዋ ላይ ታየች። ይታገሱ ለአፍታ ሪፖርቱን ረሳው። ወዲያው ግን አስታወሰና፣

«ትንሽ አነሰች» አለ።

«ልኳ ነው። ሳሙናው ከበዛ እርስ በርሱ ብርሃኑን ይዋዋጣል፤ ካልጠለለም ይበትነዋል። ከቁንጥሯ አትለፊ ብዬ ለራሴም ጽፌ ለጥፌያለሁ» ብላ ግድግዳውን አሳየችው። «ይህን ክፍል ለተሰባበረ ወንበር ማስቀመጫ ሊወስዱብኝ ነው። እንግዶቹ ነጥቧን ካዩ ይተዉልኝ ይሆናል ብዬ ነው የምመጣው።»

«አንቺ ነጥቧን አምጪ» አላት ይታገሱ። «ሌላውን ለእኔ ተይው።»

ሌላውን ለይታገሱ መተው ስሕተት ነበር።

አቶ ወልደ ዮሐንስ ነገሩን ሲሰሙ መጀመሪያ የጠየቁት መጠኑን ነው።

«ስንት ይገባበታል?»

«አንድ ቁንጥር ነው፣ ክቡር ኃላፊ።»

«ቁንጥር! ከክልል ለመጣ እንግዳ ቁንጥር ልታቀርብ? ዕቅዳችን ምንድን ነው የሚለው?»

«በእጥፍ ማሳደግ ነው የሚለው።»

«እንግዲያማ!»

የጉብኝቱ ዋዜማ ህይወት ከቡሬ መጥታ አዳራሹ ውስጥ ዕቃዋን ደረደረች፤ ፈሳሹን ሞልታ፣ ሁሉን ነገር በልኩ አድርጋ አክስቷ ቤት ሄደች። ቁልፉ ይታገሱ ዘንድ ነበር። ጠዋት ብቻውን ገብቶ የብርጭቆ ዕቃዋን ሲያይ ፊቱ በእፍረት ጋለ። ጎጃም ውስጥ ለእንግዳ የሚቀዳ ነገር እስከ ከንፈሩ ይሞላል፣ ጠብ ቢል ደግሞ ለጋባዡ ክብር ነው። ይህች ዕቃ ግን ለአንድ ዝንብ እንኳ የምትበቃ አትመስልም። ስለዚህ ፈሳሹን ሚስቱ ማር ወደምታስቀምጥበት ትልቅ የብርጭቆ ዕቃ ገለበጠው። ታቹን እንኳ አልሸፈነም። ውኃ ጨመረበት። ከዚያ ከቤቱ በቦርሳው ካመጣው የሳሙና ዱቄት አንድ ቁንጥር ጨመረ፣ ያ እጥፍ ነው። እጥፉ ላይ እጥፍ ጨመረ። በመጨረሻ «ምን አስቆጠበኝ?» ብሎ ፓኬቱን እንዳለ ገለበጠውና በወጥ ማማሰያ አማሰለው። አረፋው እስከ አፉ መጣ። ለእንግዳ የሚመጥን ነገር ሆነ።

ህይወት ስትደርስ እንግዶቹ ተቀምጠዋል። መስኮቶቹ ስለ ብሩህ ተስፋ በሚናገሩ ባነሮች ተጋርደው አዳራሹ ጨልሟል። የማሩን ዕቃ አየችና በሹክሹክታ፣

«ምን አደረጉት?» አለችው።

«አሳደግነው።»

«አቶ ይታገሱ! ይኸ እኮ እንኳን ሌዘር ልብስ አያጥብም!»

«ዝም በይና ተጫኚው፣ እህቴ። ሰው እያየ ነው።»

ሣጥኑን አስጠግታ ተጫነችው። ጠ! አለ። ዕቃው እንደ አጓት ደብዘዝ ብሎ ነጣና ተወው። ጠ! ግድግዳው ላይ ምንም የለም። ጠ! አሁንም ምንም። ጋሪውን በሦስቱም ቀለም ያየው እንግዳ ሳቅ ይሁን ሳል የማይለይ ድምፅ አሰማ።

«ሌዘሩ በየት በኩል ነው?» ሲሉ የእንግዶቹ መሪ ጠየቁ። ወፍራም፣ ትሑት ድምፅ ያላቸው፣ ነጭ ሸሚዝ የለበሱ ሰው ናቸው።

ይታገሱ የሰከላን ሜዳ በዓይኑ አየው። ፊሽካውን አየው። እጁ የጠሃን መብራት አገኘና፣ ዕቃውን ይበልጥ አበራለሁ ብሎ በጥድፊያ ሲያዞረው ብርሃኑ ሳተና መሪው ላይ አረፈ።

መሪው በሩ።

ከአንገታቸው እስከ ወገባቸው ሰማያዊ ሆነው ፈኩ። ጥርሳቸውም አብሮ በራ። አዳራሹ «ውይ!» አለ። መሪው ወደ ሆዳቸው ጎንበስ ብለው አዩ፣ እጅጌያቸውን አገላብጠው አዩ፤ ቀስ በቀስም ፊታቸው ላይ አንድ የደስታ ነገር ወጣ።

«ይህ ከእኔ ነው የሚወጣው?»

«ከእርስዎ ነው፣ ክቡርነትዎ!» አለ ይታገሱ፣ አፉ ከልቡ ቀድሞ።

አቶ ወልደ ዮሐንስ ብድግ አሉ። «ይህ እንግዲህ የልማታዊ አመራር ብርሃን ነው!» አሉ። ቀልድ ይሁን ቁም ነገር አልታወቀም፤ እንዲህ ባለ ቦታ ቀልዱ የት ላይ እንዳበቃ የሚጠይቅ የለምና ተጨበጨበ። ህይወት «ይቅርታ፣ ይኸ እኮ ሳሙና…» ብላ ስትጀምር ጭብጨባው ዋጣት። መሪው መብራቱን ተቀበሉና በሰዉ ላይ ያዞሩት ጀመር። ሁሉም በየተራው በራ፤ የበራ ሁሉ ይስቃል፣ ያልደረሰው ይንጠራራል። አቶ ወልደ ዮሐንስ በሩ። ሾፌሮቹ ሳይቀሩ በሩ። በመጨረሻ ብርሃኑ የዕለቱ አስተናጋጅ ላይ ደረሰ።

ይታገሱ ከነጭ ኩታው ጋር ጨለማ ሆኖ ቀረ። ጥርሱ ብቻ አየር ላይ ተንጠልጥሎ ታየ፤ እሱም ሲደነግጥ ተከደነ።

«እርስዎስ ምነው?» አሉ መሪው በዚያ ትሑት ድምፃቸው።

አዳራሹ ሳቀ። አቶ ወልደ ዮሐንስ አልሳቁም። ይታገሱን ሳያዩ፣ አጠገባቸው ለተቀመጠው ሰው አንድ ነገር ተናገሩ።

እንግዶቹ ከተሸኙ በኋላ ጠሃ ግቢው በር ላይ ጠበቀው። መብራቱን ሊወስድ መጥቶ ነበር፤ «ለሥራ ስለሚፈለግ» ተብሎ ተከልክሏል።

«አይዘኑ አቶ ይታገሱ» አለው። «ሱቄ ውስጥ እኮ ያቺ መብራት ስትበራበት ሙሉ በሙሉ የሚያበራው ብር ውሸተኛው ነው። እውነተኛው ወረቀት ጨለማ ነው። በእኔ ሱቅ ቢሆን ከዚያ ሁሉ ሰው የምቀበለው እርስዎን ብቻ ነበር።»

«ጠሃ፣ በአላህ ይሁንብህ፣ ይህን ለሌላ ሰው እንዳትናገር።»

ቤቱ ሲደርስ ኩታውን አውልቆ ሚስቱ አቻምየለሽ ፊት ጣለው።

«በምንድን ነው ያጠብሽው?»

«በእንዶድ ነዋ! ሳሙናውን ገና ከትናንት በስቲያ በቦርሳህ ከተህ ወሰድክብኝ። ደግሞስ ለትልቅ እንግዳ በገበያ ሳሙና ይታጠባል? እንደ ጥምቀት ልብስ አድርጌ ነው ያጠብኩልህ። እየው እስቲ፣ ከዚህ የነጣ ከየት ይመጣል?»

ኩታው በእውነት የነጣ ነበር። በፀሐይ ሲያዩት ዓይን ይወጋል። ይታገሱ አየውና ሊያለቅስ ቃጣው።

በማግስቱ ህይወት ዕቃዋን ልትወስድ መጣች። ግምገማው ዓርብ መሆኑን፣ አጀንዳውም «ብርሃን ያላሳዩ አመራሮች» መባሉን ሰምታለች። በይታገሱ ብትናደድም፣ የእንዶዱን ነገር ሲነግራት አዘነችለት።

«ልምጣና ላስረዳልዎት» አለችው። «አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። የሚያበራው ሳሙናው ነው፣ እንዶድ ውስጥ ያ ነገር የለም፤ አለቀ። እኔም ስለ ክፍሌ እናገራለሁ።»

«የክልሉን አመራር ያበራው ሳሙና ነው ልትዪ?»

«እውነቱ እሱ ነው።»

«እውነቱ እሱ ከሆነ እኔ ሰከላ ላይም አልቆም፤ አልፌ ነው የምሄደው።»

«ሰዎቹ እኮ ይገባቸዋል፣ አቶ ይታገሱ። ሞኞች አይደሉም።»

«ችግሩ እሱ ነው፤ ይገባቸዋል።» ኮቱን አነሣ። «ሳሙና ነው ያልሽኝ? ሳሙና ብቻ?»

ህይወት ምን እያሰበ እንደሆነ ከዓይኑ አወቀች። «አቶ ይታገሱ፣ በልኩ!» አለችው። እሱ ግን ወደ ሱቅ እየሄደ ነበር።

ሐሙስ ዕለት ይታገሱ ቤት ግቢ ውስጥ በርሜል ተጣደ። ሸሚዙን፣ ካናቴራውንና አንድ ያለችውን ነጭ ሱሪ ከተተበት። ፓኬት ገለበጠ፤ አየውና ሌላ ፓኬት ደገመ። አቻምየለሽ ደጃፉ ላይ ቆማ እጇን አገጯ ላይ አድርጋ ታየዋለች።

«አንተ ሰውዬ፣ ልብሱን እያጠብከው ነው ወይስ እየቀቀልከው?»

«ከሥራዬ አትግቢ።»

«ኧረ ለቅለቅ አድርገው እንኳ!»

«አልለቀልቅም። ሲለቀለቅ ይሄዳል።»

«ምኑ?»

«ብርሃኑ!»

አቻምየለሽ አማተበችና ገባች።

ዓርብ ጠዋት አዳራሹ ተጋረደ። የጠሃ መብራት አቶ ወልደ ዮሐንስ ፊት ለፊት፣ ጠረጴዛው ላይ፣ ዳንቴል ተነጥፎለት ተቀምጧል። እያንዳንዱ ኃላፊ ይነሣል፣ ጉድለቱን ይናገራል፣ ከዚያ መብራቱ ይበራበታል። ሁሉም ሳምንቱን ልብስ ሲያጥብ እንደ ከረመ ያስታውቃል። ሁሉም መጠነኛ ብርሃን ሰጠ። አቶ ወልደ ዮሐንስ እያንዳንዱን ካዩ በኋላ የራሳቸውን እጅጌ ወደ መብራቱ ጠጋ አድርገው ያስተያያሉ፣ ራሳቸውን ነቅነቅ አድርገው ያሳልፋሉ። ይታገሱ ይህን አላስተዋለም። ኮቱን ከላይ እስከ ታች ቆልፎ ተራውን ብቻ ይጠብቅ ነበር።

«ጓድ ይታገሱ።»

ተነሣ። ኮቱን አወለቀ። መብራቱ በራ።

በሰማያዊው ብርሃን የአዳራሹ ሰው እርስ በርሱ ተያየ። የይታገሱ ሸሚዝ ጠረጴዛውን አበራ፣ የፊተኛውን ረድፍ አበራ፣ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን የዕቅድ ሰንጠረዥ አበራ። ይታገሱ ደረቱን ነፋ። ዞር ብሎ አቶ ወልደ ዮሐንስን ሲያይ ግን ሰውዬው ከእሱ አጠገብ አመድ የተነፋባቸው መስለው ተቀምጠዋል።

ማንም አላጨበጨበም።

«እጅግ ይበራል» አለ አንዱ ቀስ ብሎ።

«ከልክ በላይ ይበራል» አለ ሌላው፣ ጮክ ብሎ። አቶ ወልደ ዮሐንስን እያየ ነበር የተናገረው።

ከዚያ በኋላ እጅ የሚያወጣው በዛ። ይህ ግለሰባዊ ብርሃን ነው ተባለ። ብርሃን ከበላይ ወደ በታች መውረድ ሲገባው ጓድ ይታገሱ ከጎን በኩል ማብራቱ የአሠራር ጥሰት ነው ተባለ። ባለፈው ጨለማ፣ ዛሬ ይህን ያህል፣ መካከሉን የት አሳለፈው ተባለ። አንዲት ኃላፊ የራሷ ብርሃን የት እንደ ገባ እስከማይታይ ድረስ እንደ ሸፈናት፣ ይህም የቡድን ስሜትን የሚጎዳ እንደሆነ ተናገረች።

ይታገሱ ግለ ሂስ እንዲያደርግ ዕድል ተሰጠው። አዳራሹ ታፍኗል፤ ላብ አጥምቆታል። «ጓዶች፣ በልኬ አልበራሁም። ችኮላ ነው። አለቃዬን ማየት ሲገባኝ ራሴን አየሁ…» እያለ ሲናገር አንገቱን አሳከከው። ሲያክከው ሙልጭ አለው። ያልተለቀለቀው ሸሚዝ ከላቡ ጋር ተገናኝቶ ኮሌታው ዙሪያ አረፋ ማውጣት ጀምሯል። አረፋውም በመብራቱ ውስጥ በራ።

«ይበቃል» አሉ አቶ ወልደ ዮሐንስ። ይታገሱን ሳያዩ ነበር የተናገሩት።

ዴስኩ አልታጠፈም። በሚቀጥለው ሳምንት ይታገሱ ቦርሳውን ይዞ የሰከላ መኪና ሲጠብቅ፣ በቦታው የተሾመውን ሰው ስም ሰማ። የዓርቡን ግምገማ በሙሉ አስታወሰ፤ አንድ በአንድ የበሩትን ሁሉ በዓይኑ አሳለፈ፤ ሰውዬውንም አገኘው። በሦስተኛው ረድፍ ተቀምጦ የነበረ፣ ከአቶ ወልደ ዮሐንስ በጥቂቱ፣ በጣም በጥቂቱ ብቻ አንሶ የበራ ሰው ነበር።